ጸደይ ስንት ጊዜ ይመጣል? የወቅት ትምህርት በሕፃናት ክፍሎቻችን



ጳጉሜን ስትገባ ናይሮቢ ውስጥ የሐበሻ ልጆች የሚውሉባቸው የሕፃናት ክፍሎች ቢጫ ወረቀት ይበዛባቸዋል። መምህራኑ ወረቀቱን በአበባ ቅርጽ ይቆርጣሉ፣ ልጆቹ ይለጥፋሉ፣ ሴቶቹ ልጆች «አበባ አየሽ ወይ»ን ይለማመዳሉ። ግድግዳው ላይም «ጸደይ» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ሥራው ደስ ይላል፤ ወላጅም ሲያየው አገሩ ትዝ ይለዋል። ነገር ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ የአምስት ዓመት ልጅ በመስኮት ቢመለከት የሚያየው ሌላ ነው። በሴፕቴምበር የናይሮቢ ሣር ደርቋል፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ ዝናቡም ገና አልመጣም። ልጁ «ቲቸር፣ አበባው የታለ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን?

ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ነገር ይዟል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ሕፃን የሚማረው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ ነው። ቃሉና ነገሩ ሲገናኙለት ያምናል። ዓይኑ የማያየውን ነገር «ይኸው ውጭ አለ» ብንለው ወይ ትምህርት ቤቱን መጠራጠር ይጀምራል፣ ወይ የገዛ ዓይኑን። በሌላ በኩል «እዚህ የለም» ብለን እንቁጣጣሽን ብንተወው ደግሞ የወላጆቹ ዓመት ከእጁ ያመልጣል። ስደት ላይ ያለ ልጅ ብዙ ነገር አምልጦታል፤ የዓመቱ መባቻ እንኳ ሊቀርለት ይገባል። ታዲያ ሁለቱን እንዴት እናስታርቃቸው? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄደን የነገሩን ታሪክ ማየት ይጠቅመናል ብለን አሰብን።

አትክልቱ ከየት መጣ?

ዛሬ «መዋዕለ ሕፃናት» የምንለውን ትምህርት ቤት «አፀደ ሕፃናት» ሲሉትም ትሰማላችሁ። አፀድ የታጠረ የአትክልት ቦታ ነው፤ ስለዚህ አፀደ ሕፃናት ማለት የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ጀርመኖች «ኪንደርጋርተን» የሚሉትም በቀጥታ ይኸንኑ ነው። ስሙን ያወጣው ፍሪድሪክ ፍሮብል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሕፃናት የሚሆን ተቋም ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ ኪንደርጋርተን ብሎ ሰየመው።

ስሙ ለአፍ ብቻ የወጣ አልነበረም። በፍሮብል ትምህርት ቤት በእውነት አትክልት ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ፣ ሁሉም ልጆች ደግሞ በጋራ የሚንከባከቡት መደብ ነበራቸው። ልጁ ዘሩን ራሱ ይዘራል፣ ያጠጣል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻም ያያል። የጸደይ ትምህርት የሚባለው ነገር በሕፃናት ክፍል ውስጥ ሥር የሰደደው ከዚህ ነው። እዚያ አገር ክረምቱ በረዶ ነው፤ በማርችና በኤፕሪል በረዶው ሲቀልጥ መሬቱ ይከፈታል፣ ቡቃያው ይወጣል፣ ጫጩት ይፈለፈላል። መምህሩ ልጆቹን ወደ ውጭ ያወጣቸውና ያዩትን ይነግሯቸዋል። መጽሐፍ አያስፈልግም፤ መጽሐፉ ደጅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ እኛን ስደተኞችን በቀጥታ ይነካናል። እ.ኤ.አ. በ1851 የፕሩሲያ መንግሥት ኪንደርጋርተንን አገደ፤ ከእምነት ያስወጣል፣ ሶሻሊዝም ያስፋፋል ብሎ ጠረጠረው። ፍሮብል በዓመቱ፣ በ1852 ሞተ። እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። በነዚያ ዓመታት ሐሳቡን ወደ ውጭ ይዘው ከወጡት መካከል ከ1848ቱ የጀርመን አብዮት መክሸፍ በኋላ የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ። ቤርታ ሮንገ ከባሏ ጋር በስደት ሎንዶን ገብታ በ1851 ኪንደርጋርተን ከፈተች። እህቷ ማርጋሬተ ሹርዝ ደግሞ ከስደተኛው ባሏ ከካርል ሹርዝ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግራ፣ በ1856 ዊስኮንሲን ውስጥ ዋተርታውን በምትባል ከተማ በቤቷ ትንሽ ክፍል ጀመረች። የአሜሪካ የመጀመሪያው ኪንደርጋርተን ተብሎ የሚጠራው ይኸው ነው። ትምህርቱ ይሰጥ የነበረው በጀርመንኛ ነው፤ ተማሪዎቹም የራሷ ልጅና የዘመዶቿ ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንዲት ስደተኛ እናት በቤቷ፣ በእናት ቋንቋዋ፣ ጥቂት ሕፃናት ሰብስባ የጀመረችው ነገር ነው ዓለምን ያዳረሰው። ኢስሊ ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ቤት ሕፃናት ሰብስባ ፊደል የምታስቆጥር እናት «የኔ ነገር ምን ይረባል» እንዳትል ይህን እንነግራታለን።

የእኛ አገር ልጆችስ ወቅትን እንዴት ይማሩ ነበር?

በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተበት ከ1900 ዓ.ም. ይቆጠራል። የመጀመሪያው አፀደ ሕፃናት ደግሞ ለምድር ባቡሩ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ድሬዳዋ ላይ እንደተከፈተ የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በደርግ ዘመን ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት መዋዕለ ሕፃናት መክፈት ጀመሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመዋዕለ ሕፃናትን ዓላማ ልጁን በሁለንተናው ማሳደግና ለመደበኛ ትምህርት ማዘጋጀት ነው ብሎ ደነገገ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ልጆቻችን ይማሩ ነበር። የኔታ ዘንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሀሁ ይቆጥሩ ነበር፤ በቁርኣን ትምህርት ቤትም በሉሕ ላይ ይጽፉ ነበር። ወቅትን የሚያስተምራቸው ግን በአብዛኛው ኑሮው ራሱ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ይመጣል፣ ጅራፍ ይጮኻል። ጳጉሜን አምስት ቀን ትሆናለች፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ስድስት። መስከረም 1 ቀን፣ በቅዱስ ዮሐንስ፣ ሴቶቹ ልጆች አበባና ቄጤማ ይዘው ይዘፍናሉ፤ ወንዶቹ ፀሐይ፣ አበባና መልአክ ሥለው ለጎረቤት ይሰጣሉ፣ ሳንቲምም ያገኛሉ። መስከረም 17 ደመራው ይነዳል፤ ከዋዜማው ጀምሮ የሚደምሩ አካባቢዎችም አሉ። መስቀል ካለፈ በኋላ ኦሮሞዎች ለኢሬቻ ለምለም ሣርና አበባ ይዘው ወደ ውኃ ይወርዳሉ፤ ቢሾፍቱ ላይ ሆራ አርሰዲ ሕዝቡ ይጎርፋል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን ብላ ትጠራዋለች። ይኼ ሁሉ ተደምሮ ሥርዓተ ትምህርት ነበር። ልጁ ማንም ሳያስጠናው ክረምቱ መውጣቱን፣ ጭቃው መድረቁን፣ ወንዙ መጉደሉን፣ እሸት መድረሱን ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። «ጸደይ» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ቦታ የረጋ አይደለም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ ለአራት ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ነው። ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ ነው። ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ነው። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። በዚህ አቆጣጠር ጸደይ የበልጉ ጊዜ ነው ማለት ነው። ዛሬ ግን በከተማውም በመማሪያ መጽሐፉም ጸደይ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው መስከረምና አደይ አበባው ነው። የትኛው ትክክል ነው ብለን አንጨቃጨቅም። ለእኛ የሚጠቅመን ቃሉ መሬት እያየ የሚሄድ መሆኑን ማወቁ ነው። ወቅት ከሰማይና ከመሬት ጋር ይሠራል፤ ሰው ደግሞ ስም ያወጣለታል።

ኬንያም የራሷ ታሪክ አላት

አስተናጋጅ አገራችን የሕፃናትን ትምህርት ያገኘችበት መንገድ በመከራ የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1952 የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች በማው ማው ትግል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ከ1954 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ፣ በተለይም ኪኩዩዎች፣ ከየመሬቱ ተነቅሎ በሽቦና በቦይ በታጠሩ መንደሮች እንዲሰፍር ተደረገ። ብዙ ወንዶች ታስረው ስለነበር ሴቶቹ በግዳጅ ሥራ ይሰማሩ ነበር፤ ቦይ ይቆፍራሉ፣ እርከን ይሠራሉ። ልጆቹን ማን ይያዝ? አሮጊቶችና ትልልቅ ልጆች ይጠብቋቸው ጀመር፤ የሕፃናት መዋያዎችም በነዚያ መንደሮች ውስጥ ተከፈቱ። ለአፍሪካውያን ልጆች የሕፃናት መዋያ በኬንያ መስፋፋት የጀመረው እንዲህ ነው። ከቀዬው በተፈናቀለ ሕዝብ መካከል፣ በችግር ተወለደ።

ከ1963ቱ ነጻነት በኋላ ወላጆች በ«ሀራምቤ» መንፈስ፣ ማለትም «በአንድነት እንሳብ» ብለው፣ በየመንደሩ የሕፃናት ትምህርት ቤት በራሳቸው ገንዘብና ጉልበት ሠሩ። በ1984 ደግሞ በኬንያ የትምህርት ኢንስቲትዩት ሥር ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት ትምህርት ማዕከል ተቋቋመ። ይህ ማዕከል መምህራን መጫወቻ ከአካባቢያቸው ቁሳቁስ እንዲሠሩ፣ ተረትና ዘፈንም በየአካባቢው ቋንቋ እንዲሰበሰብ አበረታቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከእንግሊዝ አገር የሚመጣ የሥዕል መጽሐፍ በማርችና በኤፕሪል በረዶ ሲቀልጥ፣ የበግ ግልገልም በሜዳ ሲቦርቅ ያሳያል። ናይሮቢ ላይ ግን ማርችና ኤፕሪል ዶፍ የሚወርድበት፣ በቆሎና ባቄላ የሚዘራበት ነው። ኬንያውያን መምህራን እኛ ዛሬ የገጠመንን ጥያቄ ከኛ በፊት ተጋፍጠውታል ማለት ነው።

እኛ ኬንያ ስንደርስ

ኢትዮጵያውያን ኬንያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ ሲኖሩ የቅርቡ ትውልድ የመጀመሪያው አይደለም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በደቡብ በኩል ድንበር ተሻግረው ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1937 ኢሲዮሎ ላይ በካምፕ አሰፈሯቸው፤ በኋላም ብዙዎቹ ወደ ታቬታ ተወሰዱ። ቀጥሎ የ1966 ዓ.ም. አብዮትና ቀይ ሽብር ሌሎችን አሰደደ። ከዚያ ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሕዝብ በሞያሌ በኩል ገባ። በዚያው ጊዜ ሶማሊያም ፈርሳ ነበርና ኬንያ ውስጥ የነበረው ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ 400,000 ገደማ ደረሰ። ኢትዮጵያውያኑ ዋልዳ በምትባል የሰሜን ኬንያ ካምፕ ሰፈሩ፤ ካምፑ ሲዘጋ ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተዛወሩ። ካኩማ በ1992 ለሱዳን ስደተኞች፣ በተለይም ያለ ወላጅ በእግራቸው ለመጡ ልጆች፣ የተከፈተ ካምፕ ነው። ዳዳብም በ1991 እና በ1992 ተቋቋመ። ሌሎች ደግሞ ናይሮቢ ገብተው ኢስሊና አካባቢው ቀሩ።

የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 22 ስደተኛ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ከአገሬው ልጅ እኩል እንዲያገኝ ያዛል፤ ኬንያም በ1966 ስምምነቱን ተቀብላለች። የ2001ዱ የኬንያ የልጆች ሕግ ማንኛውም ልጅ የመማር መብት አለው አለ። በጃንዋሪ 2003 መንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነጻ እንዲሆን ሲያደርግ ለናይሮቢ ስደተኛ ልጆችም በር ተከፈተ። ነገር ግን ነጻው ትምህርት ከአንደኛ ክፍል ነበር የሚጀምረው። ከዚያ በታች ያለው ሕፃን የወላጁ ዕዳ ሆኖ ቀረ። ለዚህም ነው የሕፃናት ክፍል በስደተኞች ዘንድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በመስጊድ ግቢ፣ በሰው ሳሎን የተጀመረው። በ2010 የወጣው ሕገ መንግሥት የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ለአውራጃ መንግሥታት ሰጥቷል። ከ2019 ጀምሮ በተስፋፋው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ሁለት የቅድመ መደበኛ ክፍሎች አሏቸው።

ኑሮው ግን ሁልጊዜ አልረጋም። በዲሴምበር 2012 የከተማ ስደተኞች ሁሉ ወደ ካምፕ ይግቡ የሚል መመሪያ ወጣ፤ የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁላይ 2013 ውድቅ አደረገው። በኤፕሪል 2014 ኢስሊ ውስጥ በተደረገው ሰፊ አፈሳ ብዙ ሰው ካሳራኒ ስታዲየም ተይዞ ሰነበተ። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ ቤተሰብም ካለበት ተነቅሎ ይሄዳል። ዓመቱ ለልጁ የተቆራረጠ ነው። ስለዚህ ክረምት ሲሄድ በጋ እንደሚመጣ፣ በጋ ሲሄድ ዝናብ እንደሚመለስ ማወቅ ለስደተኛ ልጅ ከማንም ልጅ የበለጠ ይጠቅመዋል። በዓለም ላይ ቀጠሮውን የሚያከብር ነገር እንዳለ ይማርበታል።

ዝናቡ መንገደኛ ነው

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ደርሰናል። አዲስ አበባ ክረምቱ ሲወጣ ናይሮቢ ለምን ደረቀች?

ናይሮቢ የምድር ወገብ አጠገብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ገባ ብላ፣ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በረዶ የለም፣ አራት ወቅትም የለም። ያላት ሁለት ዝናብ ነው። ረጅሙ ከማርች እስከ ሜይ ይዘልቃል፤ በስዋሂሊ «ማሲካ» ይባላል። አጭሩ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው፤ «ቩሊ» ይባላል። ጁላይና ኦገስት ደመናና ብርድ ናቸው፤ ዝናባቸው ግን ትንሽ ነው።

ምክንያቱን ለልጅ በሚገባው መንገድ እንዲህ ማስረዳት ይቻላል። ዝናብ የሚያዘንበው ደመና እንደ መቀነት ሆኖ በምድር ወገብ ዙሪያ ይጓዛል፤ ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ወደ ሰሜን ሲሄድ በማርችና በኤፕሪል በናይሮቢ ያልፋል። በሐምሌና በነሐሴ ኢትዮጵያ ላይ ነው፤ የእኛ ክረምት ይህ ነው። በመስከረም ወደ ደቡብ ጉዞ ይጀምራል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ እንደገና ናይሮቢ ይደርሳል። በእርግጥ ተራራው፣ ነፋሱና የባሕሩ ሙቀትም ድርሻ አላቸው፤ የጉዞው መንገድ ግን በጥቅሉ ይኸው ነው።

ስለዚህ በእንቁጣጣሽ ቀን ለልጁ የምንሰጠው መልስ ተገኘ። «እናትና አባትህ አገር ዝናቡ ጨርሶ አበባው ወጣ። ዝናቡ ደግሞ መንገድ ጀምሯል፤ ወደ እኛ እየመጣ ነው። እንጠብቀው።» በዚህ መልስ ውስጥ ውሸት የለም። የልጁ ዓይን ያየው ድርቅ እውነት ነው፤ እናቱ የዘፈነችው አበባም እውነት ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ መንገደኛ አለ። የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ለሚያውቁ ወላጆችም ደስ የሚል ነገር አለን። መጋቢት 26 የሚገባው ጸደይ በአብዛኛው ከናይሮቢ ማሲካ ጋር ይገጥማል። አያቶቻችን ጸደይ ባሉት ጊዜ የናይሮቢ ገበሬም ዘሩን እየዘራ ነው።

በክፍል ውስጥ ምን እንሥራ?

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ለመምህራን ጥቂት ሐሳብ እናቀርባለን። ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ የዓመት ክብ። ከካርቶን ትልቅ ክብ ቆርጣችሁ በውስጠኛው ቀለበት 13ቱን የኢትዮጵያ ወራት፣ በውጭው 12ቱን የኬንያ ወራት ጻፉ። ጳጉሜንን ትንሽ ቁራጭ አድርጉ፤ ልጆች ይህችን ጠባብ ወር ይወዷታል። ዝናብ በሚዘንብባቸው ወራት ላይ ልጆቹ የውኃ ጠብታ ይሣሉ፤ ለኢትዮጵያ በአንድ ቀለም፣ ለናይሮቢ በሌላ። ካኩማና ዳዳብ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ጨምሩ፤ ጠብታችሁ ጥቂት ይሆናል፣ ይህም ራሱ ትምህርት ነው። ከክፍሉ ውስጥ የሶማሌ፣ የደቡብ ሱዳን ወይም የኮንጎ ልጅ ካለ የእነሱም ቀለበት ይኑር።

ሁለተኛ፣ የዝናብ መለኪያ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ መልሳችሁ ክተቱበት። ቀጥ ያለ ጎን ያለው ጠርሙስ ምረጡ፤ ታቹ ጎርበጥ ያለ ከሆነ እስኪስተካከል ጠጠርና ውኃ ጨምሩበትና ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ለኩ። ከመስከረም ጀምሮ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት «መጣ? አልመጣም?» እያሉ ያዩታል። ባዶ በሆነበት ቀን ዜሮ ይጻፋል። ዜሮ ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አናውቅም።

ሦስተኛ፣ የአደይ አበባ ዘመድ ፍለጋ። አደይ አበባን ኢስሊ መንገድ ዳር ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የቅርብ ዘመዷ ግን በየአጥሩ ሥር አለች፤ ጨጎጊት። ሁለቱም ባይደንስ ከሚባለው አንድ የዕፅዋት ወገን ናቸው። ጨጎጊት መሐሏ ቢጫ ነው፤ ፍሬዋ እንደ መርፌ ሆኖ ልብስ ላይ ይጣበቃል፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ኪሾና ንጉዎ»፣ ልብስ ሰፊ ይሏታል። ልጆቹ ከሥዕሉ ጋር ያስተያዩዋት፣ ካልሲያቸው ላይ የተጣበቀውን ፍሬ ይቁጠሩ። ጨጎጊት መነሻዋ የአሜሪካ ምድር ነው፤ እንዲህ ልብስና ጠጉር ላይ እየተጣበቀች ነው ዓለምን የዞረችው። በኦክቶበር የናይሮቢን ጎዳና ሐምራዊ የሚያደርገው ጃካራንዳም ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ነው እዚህ የለመደው። ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ ማበብ ይቻላል።

አራተኛ፣ የራስ መደብ። እንደ ፍሮብል ልጆች እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቡቃያ ይኑረው። ቦታ ከሌለ የወተት ፓኬት ይበቃል። ናይሮቢ ላይ ሱኩማ ዊኪና ባቄላ በኦክቶበር ዝናብ ጥሩ ይበቅላሉ። ካምፕ ያላችሁ፣ ውኃ ውድ ነውና እጅ የታጠበበትን ተጠቀሙ፤ መደቡንም ከመሬት ዝቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ እርጥበት ይይዛል። ማቴንጌ የሚሉት እሾኻም ዛፍ በድርቅም ለምለም ስለሆነ ለማሳየት ይመቻል፤ እሾኹ ግን ክፉ ነውና ልጅ እንዳይነካው።

አምስተኛ፣ እማማ ወይም አባባ ይጋበዙ። ከሠፈሩ አንድ ትልቅ ሰው ይምጡና በልጅነታቸው ክረምት ሲወጣ ያዩትን ይንገሩ፤ አንዱ ቀን ስለ እንቁጣጣሽ፣ ሌላው ቀን ስለ ኢሬቻ፣ ሌላው ቀን በኪኩዩ አገር ማሲካ ሲገባ ስለሚደረገው አንዲት ኬንያዊት ጎረቤት። ልጆቹ የሰሙትን ይሣሉ። ሥዕሉን እንደ ድሮው በመስከረም 1 ለጎረቤት ያድሉ፤ ጎረቤቱ ሶማሌም ይሁን ኬንያዊ።

ቢጫ ወረቀቱንስ እንተወው?

በፍጹም! ቁረጡ፣ ለጥፉ፣ ዘፍኑ። ሥሩ ግን «በዚህ ቀን በኢትዮጵያ» ተብሎ ይጻፍበት። አጠገቡ ሌላ ወረቀት ይለጠፍና «በዚህ ቀን እዚህ» ይባል፤ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩትን እዚያ ላይ ይሣሉ፤ አቧራውን፣ ሰማዩን፣ ባዶውን ጠርሙስ። በኅዳር ተመልሳችሁ ሁለተኛውን ወረቀት አድሱ። የመጀመሪያው የልጁ ቅርስ ነው፤ ሁለተኛው የልጁ ኑሮ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብለን ሕፃን ልጅ ማስጨነቅ አይገባንም።

የሕፃናት ትምህርት ታሪክ የሚነግረን ይህንኑ ነው። አትክልቱ ከጀርመን ተባረረ፣ ሎንዶን በቀለ፣ ዊስኮንሲን በቀለ። የኬንያው በተከለለ መንደር ውስጥ በቀለ። በየደረሰበት ዘሩ የመጣበትን አልረሳም፤ የሚያበቅለው ግን የደረሰበት አፈር ነበር። የእኛም ክፍሎች ከዚህ የተለየ ዕጣ የላቸውም።

ውድ መምህራን፣ በያላችሁበት ካምፕና ሠፈር መለኪያችሁ የመጀመሪያውን ጠብታ የያዘበትን ቀን ጽፋችሁ ላኩልን። ከናይሮቢ፣ ከካኩማና ከዳዳብ የመጣውን ጎን ለጎን አድርገን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን፤ ልጆቹም ዝናቡ በየት በኩል እንዳለፈ በጣታቸው ይከተሉታል።

ቸር ይግጠመን።